የጾሙ ቆርቆሮ

ትብለጽ ፊቷን ልትታጠብ ግቢ ወጥታ ጣሳውን በርሜሉ ውስጥ እንደነከረች፣ ከቤት ውስጥ የታላቅ ወንድሟ የኣስመላሽ ድምፅ ተሰማት። «ሠሪው በራኺ ነው ብለን ነው የምናቀርበው። ደብዳቤውንም እንደዚያው አድርጌ በታይፕ መትቼዋለሁ። የሥጋ ፋብሪካ ሠራተኛ፣ ያውም ሴት፣ ቤቷ ቁጭ ብላ አሰበችው ብንል ሥራ አስኪያጁ ስቀው ነው የሚሸኙን።» በዓባ ሻውል ሰፈር ግድግዳ የሚጋርደው ዓይንን እንጂ ጆሮን አይደለም፤ ኣስመላሽ ደግሞ ቢሮ ከገባ ወዲህ ቀስ ብሎ መናገር ትቷል። ትብለጽ ጣሳውን እንደያዘች የበራኺን መልስ ጠበቀች። በራኺ ታናሽ ወንድሟ ነው፤ መደበር ገበያ ቆርቆሮ ሲቀጠቅጥ የሚውል፣ እጁ የፈጠነ አፉ የዘገየ ሰው። አልመለሰም። ከዚያ የእናቷን መልስ ጠበቀች። ወይዘሮ ለተገብርኤል እዚያው ክፍል፣ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያ ይቆጥሩ ነበር። የመቁጠሪያው ድምፅ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ቆመና እንደገና ቀጠለ። ኣስመላሽ ያለው አናደዳት፤ እናቷ ያላሉት ግን አስከፋት።

ነገሩ የሁለት ቆርቆሮ ነገር ነው። ትንሹ ቆርቆሮ ውስጥ የበሰለ ወጥ አለ፤ ፋብሪካ እንደሚያደርገው ታሽጎ በእንፋሎት ጋን የተቀቀለ፣ ስድስት ወር ቢቀመጥ የማይበላሽ። ትንሹ ትልቁ ውስጥ ይገባል፤ በሁለቱ መካከል ባለው ክፍተት ውሃ ያልነካው ኖራ ይሞላና ዙሪያው በብየዳ ይደፈናል። የራበው ሰው ምስማር ያነሣል። የወጡን ክዳን አንድ ቦታ፣ የኖራውን ክዳን ሁለት ቦታ ይበሳል፤ በአንዱ ቀዳዳ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ያፈሳል፣ በሌላው እንፋሎቱ ይወጣል። ኖራው ይንጫጫል፣ ይፈላል፣ ወጡ ይሞቃል። ክብሪት የለ፣ ጋዝ የለ፣ እንጨት የለ። ትብለጽ ይህን ያገኘችው አምና ቤቱን ኖራ ስትቀባ ነው። ባልዲው ውስጥ ኖራው እየፈላ የሻሂ ጣሳዋን መካከሉ ላይ ጣል አድርጋ ረሳችው፤ ስትመለስ ሻሂው ከንፈሯን አቃጠላት። ሌላ ሰው ቢሆን ተራግሞ ይደፋው ነበር። እሷ ግን ቀኑን በፋብሪካ ቆርቆሮ ስታሽግ የምትውል ሴት ስለሆነች ቁጭ ብላ አሰበች፣ ስምንት ወር ሞከረች፣ ሦስት ጊዜ እጇን ተቃጠለች፣ አንድ ጊዜ የምስር ወጥ ጣሪያ ላይ ፈነዳባት። ክዳኑ አስቀድሞ መበሳት እንዳለበት ያወቀችውም ያን ቀን ነው። ጣሪያው እስካሁን ቢጫ ነው።

ለኣስመላሽም ሐቁ ይነገርለት፤ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ቀጠሮውን ያገኘው እሱ ነው። ወደ ምጽዋና ወደ ከረን አውቶቡስ በሚያሰማራ አንድ ኩባንያ ጸሐፊ ሆኖ ይሠራል፤ ገጀረት ውስጥ የአንድ ቪላ ጓሮ ክፍል በወር ሃያ አምስት ብር ተከራይቷል፤ ጾም ይሁን ፍስክ ጠዋት ጠዋት ካፑቺኖውን ቆሞ ይጠጣል። የምጽዋ መንገድ ክፉ ወቅት ደግሞ የሚጀምረው ደጋው ሲደርቅ ነው። ከኅዳር ጀምሮ ከነፋሲት በላይ ያለውን ጠመዝማዛ ጉም ይውጠዋል፤ ጉሙ ሲለቅ ናዳ ይወርዳል፣ ናዳው ሲነሣ ወታደር መንገዱን ይዘጋል። አምና አንድ አውቶቡስ ሠላሳ አራት ሰው እንደጫነ አንድ ሌሊትና ግማሽ ቀን እዚያ ቆሞ ነበር። እንጨቱ እርጥብ ስለነበር እሳት ማንደድ አልተቻለም፤ አንዲት አራስ በቅዝቃዜና በረሃብ ራሷን ስታ በሰው ጀርባ ነው የወረደችው። ኣስመላሽ የእህቱን ቆርቆሮ ለሥራ አስኪያጁ ያነሣላቸው ይህን አስታውሶ ነው። እሳቸውም «አምጣውና እንየው» አሉ። ወሩ ጥቅምት ነበር። ትብለጽ ምስር ላሽግ ስትል ኣስመላሽ ሳቀባት። «ለትልቅ ሰው ምስር ይቀርባል እንዴ? ዝግኒ አድርጊው፣ ሥጋ ይታይበት።» እሷም ስድስት ዝግኒ፣ ስድስት ምስር ሠራች፤ የፋብሪካው አለቃ፣ ካፖው፣ ሽማግሌ ጣሊያን ስለሆነና ስለሚወዳት ቅዳሜ ከሰዓት ከፋብሪካው ዕቃ ጋር አብራ እንድትቀቅል ፈቀደላት። ዝግኒው ላይ በምስማር አንድ ጭረት፣ ምስሩ ላይ ሁለት ጭረት አደረገች። ከዚያ ቀጠሮው ተላለፈ፣ ደግሞም ተላለፈ። ቆርቆሮዎቹ መደርደሪያ ላይ ተቀምጠው ጥቅምት አለቀ፣ የነቢያት ጾም ገባ፣ ኅዳር አለቀ። ዛሬ ረቡዕ፣ ታኅሣሥ አምስት ቀን ነው።

ሁለቱ ወንድሞች ከረጢቱን ይዘው ወጡ። ኣስመላሽ ከረባቱን እያስተካከለ «ማታ ወሬውን እንነግርሻለን» አላት፤ በራኺ ዓይኗን ሳያይ አለፈ። ትብለጽ ገብታ መደርደሪያውን አየች። ባለ ሁለት ጭረቶቹ ስድስቱም አሉ። ከባለ አንድ ጭረቶቹ ሦስቱ ሄደዋል። ለኣስመላሽ ያ ቆርቆሮ ሥጋ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል፤ ሁለት ወር ሙሉ «ዕቃው» «ዕቃው» ሲለው ከርሞ ዕቃ ሆኖበታል። የታሸገ ነገር አይሸት፣ አይታይ፣ ቀኑን አይናገር። እና አሁን በጾም ረቡዕ ዝግኒ ተሸክሞ ወደ አቶ ኣስፋው ቢሮ መሄዱ ነው፤ አቶ ኣስፋው ማለት ከሸዋ የመጡ፣ ኪዳን ሳያስቀድሱ ቢሮ የማይገቡ፣ በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ የማይቀምሱ ሥራ አስኪያጅ ናቸው። ይህን ሁሉ ለትብለጽ የነገራት ራሱ ኣስመላሽ ነው። በሩ ላይ ወጥታ ብትጣራ ይሰሟት ነበር፤ ገና ፌርማታው አልደረሱም። አልተጣራችም። እውነቱን ለመናገር ደስ አላት። ነጠላዋን ተከናነበችና ወደ ሥራዋ ሄደች።

ፋብሪካው ውስጥ ትብለጽ የምትሠራው ክዳን ማሸጊያው መኪና ላይ ነው። ቆርቆሮው ይመጣል፣ ክዳኑ ይወርዳል፣ እሷ እግሯን ትጫናለች፣ ጠርዙ ይጠቀለላል፤ በቀን ሁለት ሺህ ጊዜ። ከጎኗ የምትሠራው ጽገ ስለ በርበሬ ዋጋ ታወራለች፤ ፈረሱላው ሦስት ብር ጨምሯል፣ ነጋዴው መንገዱን ያመካኛል፣ መንገዱ ደግሞ ማንን እንደሚያመካኝ እንጃ። ትብለጽ አትሰማትም። በሐሳቧ የአቶ ኣስፋውን ቢሮ ታያለች፤ ኣስመላሽ ምስማሩን ሲያነሣ፣ እንፋሎቱ ሲወጣ፣ ሽታው ሲሞላ፣ የኣስመላሽ ፊት ሲለወጥ። መጀመሪያ አካባቢ ይህ ሥዕል ጣፍጧት ነበር። ሦስት ሰዓት ገደማ ግን ሌላ ነገር ታያት። አቶ ኣስፋው ተቆጥተው «ይህን ነገር ከፊቴ አንሡት» ሲሉ የሚነሣው ኣስመላሽ አይደለም። ኣስመላሽ ነገም ጸሐፊ ነው፣ ነገም ካፑቺኖውን ይጠጣል። የሚነሣው ቆርቆሮው ነው። ስምንት ወሯ፣ የተቃጠለ እጇ፣ ቢጫው ጣሪያ። ወንድሞቿ ስሟን ቢወስዱባት ቢያንስ የሚወሰድ ነገር ነበራት፤ ዛሬ በቂም ዝም ካለች ግን የሚወሰድም አይኖርም። «ምነው ዛሬ ክዳኑን የጠላት ራስ አስመሰልሽው?» አለቻት ጽገ። ትብለጽ መኪናውን አቆመች።

ካፖው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሰማት። ምክንያቷን በግማሽ ትግርኛ በግማሽ ጣሊያንኛ ስትነግረው፣ ሥጋና ጾም የሚሉት ላይ ስትደርስ ሆዱን ይዞ ሳቀ። የግማሽ ቀን ደሞዟ እንደሚቆረጥ ነገራት፤ ስልሳ ሳንቲም። «ቫ በኔ»፣ እሺ ይሁን፣ አለና በእጁ ወደ በሩ አሳያት። ስልሳ ሳንቲም ለትብለጽ ቀላል አይደለም፤ የሁለት ቀን ሽሮና የጋዝ ገንዘብ ነው። ግን ሰው ሲቆርጥ ይቆርጣል። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ፤ እሷ ደግሞ መቃጠሉን በሐሳቧ አይታ ጨርሳለች።

ቤት ስትደርስ እናቷ ከበራፉ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። አጠገባቸው በጨርቅ የታሠረ ጥቅል አለ። ትብለጽ ቅርጹን አይታ አወቀችው። ወይዘሮ ለተገብርኤል ማንበብ አይችሉም፣ አንድ ጭረትና ሁለት ጭረት ግን መለየት ይችላሉ፤ የጾም ቀን መቁጠር ደግሞ ከዓባ ሻውል የሚቀድማቸው የለም።

«ከባለ ሁለት ጭረቱ ሦስት አድርጌልሻለሁ» አሉ። «ሁለት ቢበቃም ሦስት ይዞ መሄድ ጥሩ ነው።»

«ኣደይ፣ ጠዋት ሰምተሻል።»

«እወ፣ ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

እናቷ መቁጠሪያቸውን ወደ ኪሳቸው ከተቱ። «እኔ በሕይወቴ ሙሉ ላንቺ ብዬ የተናገርኩት ሁሉ እንደ እናት ተናገረች ተብሎ ነው የቀረው። ለልጇ አዳላች ይሉኛል፣ ያልፋል። አፍ ያለሽ አንቺ ነሽ፣ ጓለይ። ደግሞ ሥራውን የምታውቂው አንቺ ነሽ።» ትብለጽ ይህ መልስ እንዳልበቃት ተሰማት። እናቷም እንዳልበቃት ያወቁ ይመስላሉ፤ ነጠላዋን ከትከሻዋ ላይ አስተካከሉላትና ወደ ቤት ገቡ። ጥቅሉን አንሥታ ሄደች።

ጉሙ ከተማውን ገና አልለቀቀም። መደበርን አልፋ ወደ ሰፊው መንገድ ልትወጣ ስትል ጥግ ላይ የቆመ ወታደር አስቆማት። በዚያ ዘመን የታሸገ ከባድ ነገር በጨርቅ ጠቅልሎ መሄድ የጤነኛ ሰው ሥራ አልነበረም። ወታደሩ አንዱን ቆርቆሮ አውጥቶ ነቀነቀው፤ ውስጡ የኖራው ድምፅ ሾሽ አለ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ምሳ ነው፣ ጌታዬ» አለችው ትብለጽ በማታ ትምህርት ቤት አማርኛዋ። «የምስር ወጥ፣ የጾም።»

«ምሳ እንደዚህ ይንሾሻል?»

«ውሃ ሲያገኝ ይሞቃል። ካላመንከኝ ውሃ አምጣና አሳይሃለሁ፣ ግን ቆመህ መጠበቅ አለብህ።»

ወታደሩ ቆርቆሮውን አየ፣ እሷን አየ። ልጅ እግር ነው፤ ከንፈሩ በብርድ ተሰንጥቋል። ከሌሊት ጀምሮ ትኩስ ነገር እንዳልቀመሰ ማንም ያይበታል። «የሚፈነዳ ከሆነ?» አላት።

«የሚፈነዳ ቢሆን እኔ በብብቴ እሸከመው ነበር?»

መልሶ ጨርቁ ውስጥ ከተተላት። ሁለት እርምጃ ከሄደች በኋላ «ስንት ነው የሚሸጠው?» ብሎ ጠራት። ትብለጽ እስከዚያች ሰዓት ዋጋ አስባ አታውቅም ነበር። «ስልሳ ሳንቲም» አለችው፤ አፏ ላይ የመጣላት እሱ ነው። በልቧም ጥሩ ዋጋ ነው አለች።

ኩባንያው ግቢ በር ላይ ያለው ዘበኛ አፍንጫውን በጋቢው ሸፍኖ ነበር። «እህቴ፣ ዛሬ እዚህ ቤት ሰይጣን ገብቷል» አላት። «ከሥራ አስኪያጁ ቢሮ የዝግኒ ሽታ ይወርዳል። እኔ ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ ሥጋ በዓይኔ አላየሁም፤ ፈጣሪ ሊፈትነኝ ከሆነ ደሞዜን ቢጨምርልኝ ይሻለው ነበር።» ትብለጽ ፎቁን በደረጃው ወጣች።

በሩ ክፍት ነበር፤ ሽታው እንዲወጣ ከፍተውት ይመስላል። ክፍሉ ሰፊ ነው፤ ግድግዳው ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ሥዕል፣ ከሥሩ የመንገዶች ካርታ፣ በመስኮቱ በኩል ጋራዡና የቆሙት አውቶቡሶች ይታያሉ። ጠረጴዛው ላይ በጋዜጣ ላይ የተቀመጠው ቆርቆሮ ቀይ ወጡን ይዞ አፉን ከፍቶ ይተናል። ሙቀቱ እንከን አልነበረውም፤ ይህን ትብለጽ ከበሩ ሆና አይታ ኮራች። አቶ ኣስፋው ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አሽሽተው በመሐረብ አፍንጫቸውን ይዘዋል። ኣስመላሽ ላብ አጥምቆታል። በራኺ ጫማውን ያያል። ጥግ ላይ እጁን አጣጥፎ የቆመው የሹፌሮቹ አለቃ ሓምድ ነው፤ አምና ከነፋሲት በላይ ያደረው አውቶቡስ የእሱ ነበርና አስተያየት እንዲሰጥ ተጠርቶ ነው የመጣው። ፈገግታውን ለመደበቅ ጢሙን ያሻል።

«አቶ ኣስመላሽ፣ ዛሬ ቀኑ ማን ነው?» ይላሉ አቶ ኣስፋው። ሲናደዱ አንቱ የሚሉ ሰው ናቸው።

«ረቡዕ ነው፣ ጌታዬ።»

«ወሩስ?»

«ታኅሣሥ።»

«እንግዲህ ቀኑንም ወሩንም ያውቁታል ማለት ነው።»

ኣስመላሽ ወደ በራኺ ዞረ። «እሱ ነው ያሸገው» አለ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው፤ ጠዋት ክብሩን ለበራኺ ሰጥቶት ነበር፣ አሁን ጥፋቱንም ጨመረለት። በራኺ አንገቱ እስከ ጆሮው ቀላ። ትብለጽ ያን ጊዜ ገባች።

«ጌታዬ፣ ያኛው ለፍስክ ቀን ነው» አለች። «የጾሙ እኔ ጋ ነው።»

አቶ ኣስፋው መሐረቡን ከአፍንጫቸው አነሡ። «አንቺ ደግሞ ማን ነሽ?»

ሦስቱ ወንድምና እህት እርስ በርሳቸው ተያዩ፣ እያንዳንዳቸውም ሌላው የሚያውቀውን አወቁ። ኣስመላሽ ቀደመ። «እህቴ ናት፣ ጌታዬ። ዕቃ ታቀብለናለች።»

የትብለጽ መልስ ክንዷ ሥር ነበረ። ዝግኒውን ከነጋዜጣው አንሥታ ለበራኺ ሰጠችውና «ለዘበኛው አትስጠው፣ ወደ ውጭ አውጣው» አለችው። ጥቅሉን ፈታች። ሓምድን ውሃ ጠየቀችው፤ እሱም ጋራዥ ወርዶ የራዲያተር ውሃ የሚያመላልሱበትን ጣሳ ይዞ መጣ። «ጥሩ» አለች፤ «መንገድ ላይም የምታገኙት ይህንኑ ነው፤ ወጡን አይነካውም፣ ኖራውን ብቻ ነው።» ምስማሩን ተቀበለች። የምታደርገውን እያንዳንዱን ከማድረጓ በፊት ተናገረች፦ መጀመሪያ የወጡ ክዳን ይበሳል፣ ይህን የረሳ ጣሪያ ይቀባል፤ ከዚያ ኖራው ሁለት ቦታ፤ ከዚያ ውሃው፣ ግማሽ ብርጭቆ፣ ቀስ ተብሎ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና። ቆርቆሮው ዝም አለ። ኣስመላሽ አንድ ጊዜ ሳለ። ከዚያ ውስጡ ማጉረምረም ጀመረ፣ ቀጭን እንፋሎት በቀዳዳው ወጣ፣ ከሥሩ ያነጠፈችው የጥቅሉ ጨርቅ ረጠበ።

«ስምንት ደቂቃ» አለች ትብለጽ። «መንገድ ላይ ለተራበ ሰው ስምንት ደቂቃ ረጅም ነው። ግን ቢያንስ የሚጠብቀው ነገር አለው።»

ሓምድ ቀረብ ብሎ እጁን በእንፋሎቱ ላይ አሞቀ። «የቅድሙ ሥጋ ማን ያረደው ነበር?» ሲል ጠየቃት። ትብለጽ ጥያቄውን ስትጠብቀው ቆይታለች። የፋብሪካው ሥጋ በክርስቲያን እጅ የታረደ መሆኑን ነገረችው። ሓምድ ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲህ እኔ በፋሲካም አልበላውም። አምና ካደሩት ሠላሳ አራት ሰዎች አሥራ ስምንቱ ሙስሊም ነበሩ፤ እነሱም አይበሉትም። እኛ ያረድነው ቢሆን ደግሞ እናንተ አትበሉትም።»

«ለዚህ ነው በጥቅምት ምስር ያልኩት» አለች ትብለጽ። ወደ ኣስመላሽ አላየችም፤ ማየት አላስፈለጋትም። «ቤት ውስጥ የሚበስል ወጥ ቀኑንና እንግዳውን ያውቃል። ይህ ግን ዛሬ ታሽጎ ከስድስት ወር በኋላ ይከፈታል፤ በምን ቀን እንደሚከፈት አያውቅም፣ ማን እንደሚከፍተው አያውቅም። ጾመኛ ይሁን፣ ሙስሊም ይሁን፣ አራስ ትሁን። ስለዚህ ሁሉም ሰው በማንኛውም ቀን የሚበላው መሆን አለበት። ምስር ነው፣ በዘይት ነው። ከዚህ በላይ ለትልቅ ሰው የሚቀርብ ነገር አላውቅም።»

አቶ ኣስፋው ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው መለሱ። ስምንቱ ደቂቃ ሲሞላ ትብለጽ ክዳኑን ቆርጣ ከፈተች። የምስሩ ሽታ፣ የነጭ ሽንኩርትና የበርበሬው፣ ክፍሉን ቀስ ብሎ ያዘው። ሓምድ ከኪሱ የጠዋት ዳቦውን አውጥቶ ቆረሰና አጠለቀ። አኘከ፤ ደግሞ አጠለቀ። አስተያየት እንዲሰጥ መጠራቱን የረሳ ይመስላል። በአራተኛው ጉርሻ ላይ «ጨው ቢጨመርበት» አለ፤ ይህ ብቻ ነበር ነቀፌታው። አቶ ኣስፋው መዳፋቸውን በቆርቆሮው ጎን ላይ አሳርፈው ቶሎ አነሡት። «እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም» አሉ። «ግን አንዱን ተዪልኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ራሴ እከፍተዋለሁ፤ ቤቴ እስክደርስ መጠበቅም፣ ሠራተኛዋን እዚህ ማስመጣትም የለብኝም ማለት ነው። ምስማሩንም ተዪው።»

ከዚያ ወደ በራኺ ዞሩ። ደብዳቤው ላይ ያዩት ስም የእሱ ነበርና። «ኖራው ለምን ያህል ጊዜ ይቆያል? በጋ ላይ ምጽዋ ሙቀት አለ፣ እርጥበት አለ፤ ይሞታል?»

በራኺ አፉን ከፈተ። የሚያውቀው ብየዳ ነው። ወደ ኣስመላሽ አየ፣ ኣስመላሽ ወደ ካርታው አየ። «ጌታዬ» አለ በራኺ በመጨረሻ፣ የትግርኛው ዜማ አማርኛውን እየጎተተው፣ «ቆርቆሮውን የቀጠቀጥኩት እኔ ነኝ። የቀረው የሷ ነው። ሐሳቡም፣ ሙቀቱም፣ ወጡም። እሷን ይጠይቋት።» በሕይወቱ በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ተናግሮ አያውቅም። ትብለጽ መልሱን ከመስጠቷ በፊት አንድ ጊዜ አየችው፤ ጠዋት ቢለው ኖሮ ስልሳ ሳንቲሟ ይተርፍ ነበር፣ ግን ይሁን። ኖራ አየር ካገኘው በሳምንት እንደሚሞት፣ በደንብ ከተበየደ ግን ዓመት እንደሚቆይ ነገረቻቸው። ከእያንዳንዱ ዙር አንዱን ለራሷ አስቀርታ በየሦስት ወሩ እንደምትከፍት፣ ያ ከሞተ ሁሉንም እንደምትለውጥ ነገረቻቸው።

አቶ ኣስፋው ማህደሩን ከፈቱና የኣስመላሽን ደብዳቤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ። «ወንድሜ አቶ በራኺ ሃብተሚካኤል በራሱ ጥበብና ድካም፣ በእኔ በአመልካቹ የቅርብ ምክርና ክትትል…» እዚያ ላይ ቆሙ። ወረቀቱን በእርጋታ ለሁለት አጠፉት። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የሚለውን ተረት አልተናገሩም፤ ሰውዬው ጨዋ ናቸው፣ ፊታቸው ግን ተናግሮታል። «ለእያንዳንዱ የምጽዋ አውቶቡስ ሃያ አድርገን እንጀምር» አሉ። «ከገና በፊት ይድረስልኝ። ደብዳቤው እንደገና ይጻፍ። አሁን፣ እዚሁ፣ በሠሪዋ ስም።»

ታይፑ በጎን ክፍል፣ በኣስመላሽ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ኣስመላሽ ተቀምጦ አዲስ ወረቀት አስገባ። የአማርኛ ታይፕ ፊደሉን በቁራጭ በቁራጭ ነው የሚሠራው፤ አንድ ስም እስኪጻፍ ሰው ስለ ብዙ ነገር ማሰብ ይችላል። ትብለጽ ከጎኑ ቆመች። በማታ ትምህርት ቤት ለአራት ዓመት አማርኛ ስታጠና ኣስመላሽ «ፋብሪካ ውስጥ ምን ይሠራልሻል?» ይላት ነበር። አሁን እያንዳንዱን ቃል ከወረቀቱ ላይ እንደወጣ ታነባለች። «ወይዘሪት ትብለጽ ሃብተሚካኤል» የሚለው ወጣ። ቀጥሎ «ከወንድሞቿ ጋር በመተባበር» የሚለው መውጣት ጀመረ። በመተባበር ላይ ሲደርስ ጣቷን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች።

«ይህን አጥፋው» አለችው። «የውጭውን ቆርቆሮ ቀጥቅጦ የበየደው በራኺ ሃብተሚካኤል ነው ብለህ ለብቻው ጻፍ። እሱ የሠራውን ማንም አይወስድበትም።»

ኣስመላሽ አጠፋ፤ እንደተባለውም ጻፈ። በራኺ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፣ ስሙ ሲመታ ቀና አለ። ከዚያ የታይፑ ድምፅ ቆመ። ኣስመላሽ ጣቶቹን ፊደሎቹ ላይ እንዳደረገ ወደ እህቱ ቀና ብሎ፣ ሥራ አስኪያጁ እንዳይሰሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በትግርኛ «ኣነኸ?» አላት። እኔስ ማለቱ ነው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ኣስመላሽ እሷን ለምኖ አያውቅም፤ ትብለጽ ልቧ ትንሽ ተነካ። ግን ዛሬ ሌላ ስም የምትሰጠው የላትም።

«አንተማ ደብዳቤውን ጻፍከው» አለችው፣ በአማርኛ፣ ሁሉም እንዲሰማው። «ከታች፣ ጸሐፊ ኣስመላሽ ሃብተሚካኤል በል።»

ኣስመላሽ ወረቀቱን ሁለት መስመር ገፋና ስሙን መታ።